ያተረፈኝ ቤቱ ነው ወይስ ዕዳው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከራሴ ቤት የጀመረ ነው። የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለሁም፤ ዓሊምም አይደለሁም። ሥራዬ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሂሳብ ማስተማር ነው። ይሁንና ባለፉት ወራት እንቅልፍ የነሳኝን አንድ ሂሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማደርገው ደረጃ በደረጃ ሠርቼ ባቀርበው፣ እንደኔ ላለ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ቤት በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ገዛሁ። 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብሩን እኔና ባለቤቴ ከዓመታት ቁጠባና ከእቁብ አጠራቀምነው። 500 ሺህ ጎደለን። የሥራ ባልደረቦቼ ባንክ እንድሄድ መከሩኝ። ይህን የሰሙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም (እኛ ሐጂ ነው የምንላቸው) አስጠሩኝና፣ «ወለድ ውስጥ ከምትገባ ከኔ ውሰድ፤ ሲመችህ ትመልሳለህ» አሉኝ። ሐጂ መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዘመን ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ እንደታዘዝነው ዕዳውን ጽፈን፣ ሁለት ምስክር አስፈርመን ገንዘቡን ተቀበልኩ። የመመለሻ ቀን ግን አልተጻፈበትም። ቸርነታቸው ነው ያላስጻፋቸው። እኔም ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንዲጻፍ አልጎተጎትኩም።

ዓመታት አለፉ። በየዓመቱ «ዘንድሮ እከፍላለሁ» እላለሁ፤ የመምህር ደመወዝ ግን ከወር ወር አያሻግርም። ባለፈው ክረምት ሐጂ ታመሙና ሱቃቸውን ዘጉ። ገንዘባቸውን አልጠየቁኝም። ነገር ግን ሰው ሲታመም ምን እንደሚያስፈልገው የማያውቅ ማን ነው? ያን ጊዜ ቤቱን ሸጬ፣ ዕዳዬን ከፍዬ፣ ራቅ ብሎ አነስ ያለ ቤት ለመግዛት አሰብኩና ደላላ ጠራሁ።

ደላላው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ በ2016 መጥተው ቢሆን 6 ሚሊዮን እሸጥልዎ ነበር። አሁን ገዢ የለም። 5 ሚሊዮን 200 ሺህ ካገኙ አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አለኝ። ማታ ለባለቤቴ 800 ሺህ ብር እንደከሰርን ነገርኳት። እርሷ ደግሞ በተቃራኒው፣ «በ1.6 ሚሊዮን የገዛነው ቤት 5.2 ካወጣ 3.6 ሚሊዮን አተረፍን እንጂ ምኑን ከሰርን?» አለችኝ። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቤት ጉዳይ ላይ ሁለት መልስ ተገኘ ማለት ነው። ሂሳብ አስተማሪ ደግሞ ሁለት መልስ አይወድም።

ለመሆኑ ማንኛችን ትክክል ነበርን? ሁለታችንም ተሳስተናል። የተሳሳትነውም በብር ስለለካን ነው።

ሐጂ በሱቃቸው ጨርቅ የሚለኩባት አንዲት የእንጨት ሜትር ነበረቻቸው። ነጋዴው ከዚህች ሜትር ጫፍ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቢልጥላት ምን ይባላል? ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ከሜትሩ ያጠረ ሜትር ይዘን ጨርቁን ብንለካው ጨርቁ የረዘመ ይመስለናል እንጂ አልረዘመም። ብርም መለኪያ ነው። የዋጋ ግሽበት የምንለውም የዚህ መለኪያ መላጥ ነው። ስለዚህ ቤቱን በብር መለካቴን ትቼ፣ ቤታችን ዘወትር በሚጠፋውና በሚገዛው ነገር፣ በጤፍ ለካሁት።

ቤቱን በገዛንበት ዓመት አንድ ኩንታል ጤፍ በ3,200 ብር ነበር ያስገባነው፤ ባለቤቴ በደብተሯ ጽፋዋለች። ለመጨረሻ ጊዜ የገዛነው ግን 13 ሺህ ብር ነው። እንግዲህ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ሲካፈል ለ3,200 አምስት መቶ ይሆናል። ቤቱ ያኔ 500 ኩንታል ጤፍ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ደላላው የነገረኝ 5 ሚሊዮን 200 ሺህ ሲካፈል ለ13 ሺህ አራት መቶ ይሆናል። ዛሬ 400 ኩንታል ያወጣል። በብር ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው ቤት በጤፍ አንድ አምስተኛው ጎድሏል! (የኖርንበት ኪራይ የታለ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው፣ በነዚህ ዓመታት ኪራይ አለመክፈላችን ጥቅም ነው። ቤት ለመኖሪያ ሲሆን ጥቅሙ ዋናው ይኸው ነው። እኔ አሁን የምናገረው ስለ ዋጋው ነው።)

ቀጥሎ ዕዳውን ለካሁ። ሐጂ የሰጡኝ 500 ሺህ ብር ያኔ 156 ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር። ዛሬ እርሱኑ 500 ሺህ ብር ብመልስላቸው 38 ኩንታል ይገዙበታል። ቀሪው 118 ኩንታል የት ገባ? አልጠፋም። እኔ ጋ ነው ያለው። ባለቤቴ ካየችው «ትርፍ» ውስጥ ቤቱ ያመጣው አንድም የለም፤ ያተረፈኝ ዕዳው ነው። የኔ ትርፍ ደግሞ ከወለድ ሊያድኑኝ ብለው ያለ አንዳች ጥቅም ያበደሩኝ ሰው ኪሳራ ነው።

ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ስጨርስ ደነገጥኩ።

የዋጋ ግሽበት ሀብት ያጠፋል ሲባል እንሰማለን። ከማጥፋቱ ይልቅ ግን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዘዋወሩ ይበልጣል፤ ሳያሰማ፣ ሳያስፈርም፣ ከአበዳሪው ወስዶ ለተበዳሪው ይሰጣል። ባንክ አበዳሪ ሲሆን ይህን አስቀድሞ ያውቃልና በወለዱ ይከላከላል። በኛ በሙስሊሞች ዘንድ ግን ትልቁ አበዳሪ ባንክ አይደለም። አጎት፣ አማች፣ ጎረቤት፣ የመስጊድ ወዳጅ ነው። እርሱ ወለድ አይጠይቅም። ስለዚህ ግሽበቱን ያለ ጃንጥላ የሚቀበለው እርሱ ነው። ዛሬ «ቀርደል ሐሰን የሚሰጥ ሰው ጠፋ፤ ኢማን ቀነሰ» እያልን የምናማርር ሰዎች፣ የሰጡት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ጠይቀን እናውቃለን?

በመጠኑ አገራዊውን ሁኔታ እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ የዋጋ ግሽበት ከ35 በመቶ አልፎ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በ2017 ዓ.ም. ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ የግሽበቱ መጠን እየቀነሰ መጥቶ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወረደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «ግሽበት ከ35 ወደ 14 ወረደ» ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፤ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ እንጂ። ዳገት የሚወጣ መኪና ማርሹን ቢቀይር ወደ ኋላ ተመለሰ አይባልም። አትክልት ተራው ከፒያሳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ እኛው ሰፈር ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች በበራችን ያልፋሉ። የሽንኩርት ዋጋ እንደየወቅቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይህም ግሽበት አይባልም። ግሽበት የሚባለው አጠቃላይ ዋጋ ተያይዞ ሲወጣ ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም አጠቃላይ ዋጋ ተያይዞ ሲወርድ፣ ዲፍሌሽን ይባላል። የቤት ዋጋ ብቻውን ሲወርድ ግን ዲፍሌሽን አይደለም። በኛ ሰፈር የሆነው እንግዲህ ከባዱ ዓይነት ነው፤ ቤቱ ወረደ፣ ጤፉ ወጣ።

የቤቱ ዋጋ ለምን ወረደ? እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። በግሽበቱ ዓመታት ቤት ይገዙ ከነበሩት ብዙዎቹ ሊኖሩበት አልነበረም የሚገዙት፤ ከብር እየሸሹ ነበር። ብሩ እጃቸው ላይ ከሚሟሟ ግድግዳ ሆኖ ይቀመጥልን አሉ። ባዶ ቤት ቆልፈው የሄዱ ስንቶች ናቸው! በዚህም ዋጋው ተከራይ ሊከፍለው ከሚችለው ኪራይና ከሰው ደመወዝ ጋር ጨርሶ ተለያየ። ብድር ሲገደብ፣ ግሽበቱ ጋብ ሲል፣ ነጋዴውም እጅ ሲያጥረው ሽሽቱ ቀዘቀዘ። ሸሺ ሲቀር ደግሞ ዋጋውን ተሸክሞ የሚያቆመው ነዋሪ ብቻ ነው፤ የነዋሪ ትከሻ ደግሞ ቀጭን ነው።

«የአዲስ አበባ ቤት ወድቆ አያውቅም» የሚሉ አሉ። ወድቆ ያውቃል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ በአንድ ቀን ከነአካቴው ወደቀ። ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንለው ያኔ ሰው የጥሪቱን ማስቀመጫ አድርጎት ከነበረው ቤት ብዙውን ነው። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። የጃፓን የመሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሲወርድ ኖረ። የአሜሪካ የቤት ዋጋ መውደቅ በ2008 ዓለሙን ሁሉ አናጋ። የማይወድቅ ዋጋ የለም።

የዋጋ መውደቅ መርዙ ዕዳ ሲጨመርበት ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ2 ሚሊዮን የራሱ ገንዘብና በ3 ሚሊዮን ዕዳ ገዛ እንበል። የቤቱ ዋጋ አንድ አምስተኛ ወርዶ 4 ሚሊዮን ቢሆን ዕዳው አብሮ አይወርድም፤ 3 ሚሊዮን እንደሆነ ይቆያል። የራሱ የነበረው 2 ሚሊዮን ግን 1 ሚሊዮን ሆነ። ቤቱ ሃያ በመቶ ሲወርድ የሰውየው ሀብት ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

በጀሞ በኩል የማውቀው አንድ ወጣት የደረሰበት ከዚህም የባሰ ነው። ገና በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ በክፍያ ሲገዛ፣ በውሉ ውስጥ ቀሪው ክፍያ በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር እንደሚከፈል የሚል አንቀጽ ነበረበት። ፈርሞ ገባ። ከሐምሌ 2016 በኋላ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ የተጀመረውን ቤት ለሌላ አሳልፎ ለመሸጥ ቢሞክር ዋጋው ከገዛበት በታች ሆኖ አገኘው። አገሩ ግሽበት ውስጥ ነው፤ ለእርሱ ግን የደረሰበት ዲፍሌሽን ነው፤ ምክንያቱም ዕዳው የተጻፈበት ገንዘብ ከደመወዙ አንጻር እየከበደ ሄደ። እኔን ያተረፈኝና እርሱን የሰበረው ነገር አንድ ነው፤ የኔ ዕዳ በሚሟሟ ገንዘብ ተጻፈ፣ የእርሱ በሚከብድ።

አገራችን እውነተኛውን ዲፍሌሽን አታውቅም የሚልም ካለ ወደ 1993 እና 1994 ዓ.ም. ልመልሰው። በነዚያ ዓመታት አዝመራው አማረ፤ በቆሎው ገበያውን ሞላው፤ ዋጋውም ተንኮታኮተ። ከተማው ደስ አለው። ገበሬው ግን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ወስዶ ነበር። ዕዳው በብር የተቆረጠ ነው፤ በቆሎው ረከሰ ብሎ የሚቀንስለት የለም። አንድ ኩንታል ሸጦ ይከፍለዋል ብሎ ያሰበውን ዕዳ ለመክፈል ብዙ ኩንታል መሸጥ ግድ ሆነበት፤ ሁሉም ለመሸጥ ሲሽቀዳደም ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በሬውን የሸጠም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ መውሰድ ቀነሱ፤ ዝናቡም ጠፋ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ እጁን ዘረጋ። ኢርቪንግ ፊሸር የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ራሱ በ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ሀብቱን ካጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ሁሉም ዕዳውን ለመክፈል ንብረቱን ሲሸጥ ዋጋ ይወድቃል፣ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የቀረው ዕዳ ይከብዳል፣ ሰዎች በከፈሉ ቁጥር ዕዳቸው ይጨምራል። ፊሸር የጻፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ የበቆሎው ገበሬ ግን አንድ ገጽ ሳያነብ አውቆታል።

ወደ ሐጂና ወደኔ ልመለስ። ሸሪዓው ምን ይላል? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በማምሉኮች ዘመን የወርቅና የብር ሳንቲም ከገበያ እየጠፋ የመዳብ ፍሉስ ግብፅን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ (ሙሕተሲብ) ሆኖ ያገለገለው የታሪክ ሊቅ አል-መቅሪዚ፣ በ806 ዓመተ ሂጅራ ስለደረሰው ረሀብ ባዘጋጀው መጽሐፍ የመከራውን ምክንያት በሦስት ነገሮች ላይ አስቀምጦታል፤ ሹመት በገንዘብ መገዛቱ፣ የመሬት ኪራይ መናሩና የመዳብ ፍሉስ መብዛቱ። ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ነው፤ አንባቢ ራሱ ያመዛዝነው።

በዕዳው ጥያቄ ላይ ዑለማኦች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ ተበዳሪው የሚመልሰው የወሰደውን ዓይነትና መጠን ነው ይላሉ፤ መቶ ፍሉስ የወሰደ መቶ ፍሉስ ይመልሳል፤ ቢረክስም ቢወደድም። የኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙርና የባግዳድ ቃዲ የነበሩት አቡ ዩሱፍ ግን የፍሉስ ዋጋ ከተለወጠ በተበደረበት ጊዜ የነበረውን ዋጋ ይመልሳል ብለዋል። የደማስቆው ፈቂህ ኢብን ዓቢዲን በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈውበታል። በዘመናችን የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ ዕዳ የሚመለሰው በዓይነቱ እንጂ በዋጋው እንዳልሆነ፣ ዕዳን ከዋጋ መለኪያ ጋር ማሰርም እንደማይፈቀድ ወስኗል።

መጀመሪያ ይህ ውሳኔ ለተበዳሪ ያደላ መሰለኝ፤ ለኔም የተመቸ ነበርና ተጠራጠርኩት። ሂሳቡን ስሠራው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ዕዳዬ በጤፍ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምከፍለው 156 ኩንታል ከሩብ ሲባዛ በ13 ሺህ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን 31 ሺህ ብር ግድም ይሆን ነበር። ሐጂ ገንዘቡን ሲሰጡኝ ብድር ሳይሆን ሽርክና አድርገውት ቢሆን ደግሞ፣ ከ1 ሚሊዮን 600 ሺህው 500 ሺህው የእርሳቸው ነውና 31 ከሩብ በመቶ የቤቱ ድርሻ ይኖራቸው ነበር፤ ይህም በዛሬው የ5.2 ሚሊዮን ዋጋ 1 ሚሊዮን 625 ሺህ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 400 ሺህ ብር ያህል ልዩነት ምንድን ነው? ቤቱ ከጤፉ ወደ ኋላ በመቅረቱ የመጣ ኪሳራ ነው። በሽርክና ሐጂም ድርሻቸውን ይሸከማሉ። ዕዳው በዋጋ ቢታሰር ግን የቤቱን ኪሳራ ሁሉ እኔ ብቻዬን እሸከም ነበር፤ እንደዚያ የጀሞው ወጣት። ስለዚህ ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ብድር ምጽዋት ነው፣ ሽርክና ንግድ ነው። ሐጂ ምጽዋት ሰጡኝ፤ እኔ ሰባት ዓመት ይዤው ንግድ አደረግኩት። ጥፋቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ በውሳኔው ላይ አይደለም።

ብድሩ ለስድስት ወር ቢሆን ኖሮ የሐጂ ጉዳት ትንሽ ይሆን ነበር። ቤትን ያህል የረጅም ጊዜ ነገር በቀርድ መግዛት ነው አበዳሪን የሚጎዳው። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚስማማው ሙሻረካ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በቤቱ ባለድርሻ ሆነው አንዱ የሌላውን ድርሻ ቀስ በቀስ ይገዛል። ዛሬ ይህን ለመጠየቅ በር አለ። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት መመሪያ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ነባር ባንኮች በመስኮት ጀመሩት፤ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ነገር ግን «ከወለድ ነፃ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ መፈረም አይገባም። በሙራበሃ ሲሆን ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ ይሸጥልዎታል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም፤ ይህ መልካም ነው። የቤቱ ዋጋ ቢወድቅ ግን ኪሳራው የእርስዎ ብቻ ነው፤ ዕዳ ነውና። በሙሻረካ ከሆነ ባንኩም የቤቱ ባለድርሻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ «ቤቱ ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል?» የሚለው ነው። ውሉን የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ጉዳዩን ይዤ ከሰፈራችን መስጊድ ኡስታዝ ጋር ተቀመጥኩ። ግዴታዬ 500 ሺህ ብር መሆኑን ነገሩኝ። ሆኖም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል ከእርሱ በተሻለ ግመል መመለሳቸውን አስታወሱኝ፤ ተበዳሪ አስቀድሞ ሳይስማማበት፣ ሳይጠየቅም፣ በሚከፍልበት ጊዜ በራሱ ፈቃድ ቢጨምር ከመልካም አከፋፈል ነው አሉ። «ደግሞ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ቤቱ እስኪሸጥ የምትጠብቀው ለምንድን ነው? የተቸገረ ተበዳሪ እንዲጠበቅ በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ ታዟል። አንተ ግን ተቸግረሃል?» መልስ አልነበረኝም። 400 ኩንታል ጤፍ የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው ተቸገርኩ ሊል አይችልም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከመህሯ ወርቅ ላይ ባለ 21 ካራት 30 ግራም ያህል አወጣችና ከፊቴ አስቀመጠችው። «ለወንድሜ ክፈል። ነገር ግን በብር አላበድርህም፤ በግራም ጻፍልኝ» አለችኝ። ሂሳብ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ሂሳቡን ያወቀችው እርሷ ነች። ሠላሳ ግራም ወስዶ ሠላሳ ግራም መመለስ በሸሪዓው ዓይነትን በዓይነት መመለስ ነው፤ ኡስታዙም አጸኑልኝ። ወረቀቱ ተጻፈ፤ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፤ በዚህኛው ላይ የመመለሻ ቀን አለበት።

በማግሥቱ 500 ሺህ ብሩን ይዤ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ቆጠሩና፣ «ጀዛከላህ፤ ተጠናቋል» ብለው የድሮውን ወረቀት ቀደዱት። ያን ጊዜ ሂሳቤን አውጥቼ ስለ ጤፉ፣ ስለ ቤቱ ድርሻ ላስረዳቸው ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም መሰለህ? ጨርቅ ሻጭ እኮ ነኝ» አሉኝ። «አውቄ ነው የተውኩት።»

ቤቱ ሲሸጥ የምጨምረው እንዳለ ነገርኳቸው። «ይህን አሁን አትንገረኝ፤ የተነጋገርንበት ነገር እንዳይሆን» ብለው ከለከሉኝ። እኔም በልቤ የያዝኩትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጋዜጣ ያነባሉና። ደላላው ትናንት ደውሎ 5 ሚሊዮን የሚል ገዢ መጥቷል ብሎኛል።